አስማታዊ ዕቃ ስንት ያወጣል? በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ዋጋ የምቆርጥበት ስሌት

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በሚባለው፣ ተጫዋቾች ዳይስ እየጣሉ ጀብዱ በሚጫወቱበት ጨዋታ አምስተኛ እትም፣ አንድ አስማታዊ ሰይፍ ስንት እንደሚያወጣ የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያገኘው መልስ በጣም ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዳንጀን ማስተር (የጨዋታው መሪ) መመሪያ ዕቃዎቹን በብርቅነታቸው ደረጃ ከፍሎ ኮመን (የተለመደ) ከ50 እስከ 100 ወርቅ፣ አንኮመን (ያልተለመደ) ከ101 እስከ 500፣ ሬር (ብርቅ) ከ501 እስከ 5,000፣ ቬሪ ሬር (በጣም ብርቅ) ከ5,001 እስከ 50,000፣ ሌጀንደሪ (አፈ ታሪካዊ) ደግሞ ከ50,000 በላይ ይላል። ሬር በሚባለው ደረጃ ውስጥ ብቻ ትንሹና ትልቁ ዋጋ አሥር እጥፍ ያህል ይራራቃሉ። የ2024ቱ መመሪያ ይህን በቁርጥ ዋጋ ተክቶታል፦ 100፣ 400፣ 4,000፣ 40,000 እና 200,000። ይህ ሥራ ያቀላል፤ ዋናውን ችግር ግን አልነካውም። ደረጃው የሚናገረው ዕቃው ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ነው፤ ጨዋታው ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ አይናገርም። እኔ ዋጋ የምቆርጠው በሚሠራው ነው።

የመከላከያ ካባውንና የመከላከያ ቀለበቱን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ሁለቱም ኤሲን (ሰውየው ለመመታት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚለካውን ቁጥር) በ1፣ ሴቪንግ ስሮውንም (ከአስማትና ከአደጋ ለማምለጥ የሚጣለውን ዳይስ) በ1 ይጨምራሉ። ሁለቱም አቱንመንት (ዕቃውን ከባለቤቱ ጋር ማስተሳሰር) ይፈልጋሉ፤ አንድ ገጸ ባህሪ በአንድ ጊዜ ሦስት ብቻ ስለሚፈቀድለት እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ ይይዙበታል። ካባው ግን አንኮመን፣ ቀለበቱ ሬር ነው፤ ለአንድ ዓይነት ጥቅም 400 እና 4,000 ማለት ነው። በረራ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2014ቱ መጽሐፍ የሚበረው መጥረጊያ አንኮመን ነው፤ አቱንመንት አይጠይቅም፣ የአጠቃቀም ገደብም የለበትም። ዋጋው ቢበዛ 500 ነው። ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚያበረው መድኃኒት ግን ቬሪ ሬር ስለሆነ፣ ዝቅተኛው ዋጋ ተወስዶ ተጠጥቶ የሚያልቅ ነው ተብሎ በግማሽ ቢቀነስ እንኳ 2,500 ወርቅ ይደርሳል። በዚህ ዝርዝር ሱቅ የከፈተ የጨዋታ መሪ ቡድኑ መጀመሪያ የሚገዛው መጥረጊያውን ነው። ከዚያ በኋላ ገደሉም፣ ግንቡም፣ መሬት ላይ የተጠመደው ወጥመድም ዋጋ ያጣል።

የመጀመሪያው ሥራዬ የተጫዋቾቹን ኪስ ማስላት ነው። የ2014ቱ መመሪያ አንድ ቡድን እስከ 4ኛ ሌቭል (የገጸ ባህሪው የዕድገት ደረጃ) 7 የሀብት ክምችት፣ ከ5 እስከ 10 ሌቭል 18፣ ከ11 እስከ 16 ሌቭል 12 እንደሚያገኝ ያስባል። ከክምችት ሠንጠረዦቹ በመጀመሪያው ላይ በአንድ ክምችት ያለው ሳንቲም ወደ ወርቅ ሲመነዘር በአማካይ 196 ነው፤ በሁለተኛው 3,857፣ በሦስተኛው 31,500። እንቁውንና የጥበብ ዕቃውን ሳይጨምር አራት ተጫዋቾች እኩል ቢካፈሉት፣ እስከ 4ኛ ሌቭል ለእያንዳንዱ 343 ወርቅ፣ እስከ 10ኛ ሌቭል ተጨማሪ 17,356፣ እስከ 16ኛ ሌቭል ደግሞ ተጨማሪ 94,500 ይደርሰዋል።

የእነዚህን ሦስት የሌቭል ምዕራፎች ገቢ ከ2024ቱ ቁርጥ ዋጋ ጋር ሳስተያይ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ እንቁ የሸጠ ሰው አንድ አንኮመን ይገዛል፤ በሁለተኛው አራት ሬር፤ በሦስተኛው ሁለት ቬሪ ሬር። ስለዚህ ቁርጥ ዋጋዎቹ እንደ መነሻ ጤናማ ናቸው። ከዚህ ያወጣሁት ደንብ አንድ ዕቃ ከአንድ ተጫዋች የምዕራፍ ገቢ ከ40 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ነው፤ ለሁለተኛው ምዕራፍ ጣሪያው 6,900 አካባቢ ይሆናል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ለዚህ ደንብ አይመችም። ገቢው ትንሽ ስለሆነ አንድ አንኮመን ሙሉውን ይበላዋል፤ እዚያ ላይ መግዛትን ትቼ ዕቃውን ጀብዱው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የእናንተ ጨዋታ ወርቅ የሚሰጠው በግማሽ ከሆነ የአስማቱን ዋጋ በሙሉ በግማሽ ቀንሱ፤ የተራውን ዕቃ ዋጋ ግን አትንኩት።

ቀጥሎ ሚዛን የሚሆን አንድ ዕቃ እይዛለሁ። የኔ ሚዛን ባለ+1 ሰይፍ (ለመምቻውም ለጉዳቱም 1 የሚጨምር) በ400 ወርቅ ነው። አንድ ተዋጊ በ65 በመቶ ዕድል የሚመታ፣ በምቱም በአማካይ 8.5 ጉዳት የሚያደርስ (ባለ8 ገጽ ዳይስ ሲደመር 4) ይሁን። በአንድ ጥቃት የሚያደርሰው አማካይ 5.5 ነው። ባለ+1 ሰይፍ ሲይዝ ዕድሉ 70 በመቶ፣ ጉዳቱ 9.5 ሆኖ 6.65 ይደርሳል፤ 20 በመቶ ጭማሪ ነው። ባለ+2 ሲይዝ 7.9፣ ማለትም 43 በመቶ። በሌላ በኩል የእሳት ሰይፉ መምቻውን አይጨምርም፤ ሲመታ ግን ሁለት ባለ6 ዳይስ የእሳት ጉዳት፣ በአማካይ 7፣ ይደርባል። 65 በመቶ በ15.5 ሲባዛ 10.1 ነው፤ ጭማሪው 82 በመቶ። የእሳት ሰይፉና ባለ+2ው ሁለቱም ሬር ናቸው፤ የአንዱ ትርፍ ግን የሌላው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ባለ+2ውን በ4,000 ትቼ የእሳቱን ከ8,000 እጀምራለሁ። ከዚያ አቱንመንት ስለሚፈልግ፣ ለማቀጣጠል ቦነስ አክሽን (በተራው ያለችውን ተጨማሪ ትንሽ እርምጃ) ስለሚወስድ፣ እሳት የማይነካቸው ጭራቆችም ብዙ ስለሆኑ 20 በመቶ እቀንሳለሁ። 6,400 ይሆናል፤ ከጣሪያውም በታች ነው።

ኤሲ ላይ ይህ ስሌት ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጭራቁ በ65 በመቶ የሚመታው ሰው ኤሲው በ1 ሲጨምር ዕድሉ 60 ይሆናል፤ የሚደርስበት ጉዳት የሚቀንሰው 8 በመቶ ያህል ነው። ጥሩር ለብሶ ጋሻ የያዘው፣ ጭራቁ በ30 በመቶ ብቻ የሚመታው ተዋጊ ግን ያንኑ +1 ሲጨምር ዕድሉ ወደ 25 ይወርዳል፤ ጉዳቱ በ17 በመቶ ይቀንሳል። ከ20 ወደ 15 ሲወርድማ ቅነሳው ሩብ ይሆናል። አንድ ዓይነት ካባ፣ ቀድሞውንም ለማይመታው ሰው ይበልጥ ይጠቅማል ማለት ነው። ካባውና ቀለበቱ አብረው ሲለበሱም ይደመራሉ። ነጋዴ ደግሞ ለአንዱ ገዥ በዚህ፣ ለሌላው በዚያ ዋጋ ይሽጥ ማለት አያስኬድም። ስለዚህ ካባውንም ቀለበቱንም እኩል 2,500፣ ባለ+1 ጋሻን (መጽሐፉ አንኮመን ቢለውም) 1,500 አድርጌ፣ አንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ምዕራፍ ከእነዚህ አንዱ ብቻ እንዲገኝ አደርጋለሁ። ዋጋ የማይፈታውን የአቅርቦት ገደብ ይፈታዋል።

ጥሩር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ፕሌት የሚባለው ተራው ሙሉ የብረት ጥሩር 1,500 ወርቅ ነው። በ2014ቱ መጽሐፍ አዳማንታይን ከተባለው ጠንካራ ብረት የተሠራው ፕሌት አንኮመን ስለሆነ ቢበዛ 500 ይባልለታል፤ አስማታዊው ከተራው ረከሰ ማለት ነው። የ2024ቱ መመሪያ መፍትሔ ትክክል ነው፦ የተራውን ዕቃ ዋጋ በአስማቱ ላይ መደመር። ባለ+1 ፕሌት 4,000 ሲደመር 1,500፣ ማለትም 5,500 ይሆናል። የቆየውን መጽሐፍ የሚጠቀም ሁሉ ይህን ደንብ ቢወስድ ይበጀዋል።

የፈውስ መድኃኒት ግን በደረጃ ከተተመነ ገዥ አያገኝም። ተራው 50 ወርቅ ሆኖ በአማካይ 7 ነጥብ ይመልሳል፤ ለአንድ ነጥብ 7 ወርቅ። ሁለተኛው 14 ነጥብ፣ ሦስተኛው 28፣ አራተኛው 45 ይመልሳሉ። በደረጃቸው ግማሽ ዋጋ 200፣ 2,000 እና 20,000 ቢሸጡ የአንዷ ነጥብ ዋጋ ወደ 14፣ ወደ 71፣ ወደ 444 ወርቅ ይወጣል። ማንም አይገዛውም፤ ሁሉም ተራውን በደርዘን ይጭናል። እኔ በየደረጃው በሦስት አባዛለሁ፦ 50፣ 150፣ 450፣ 1,350። የነጥቡ ዋጋ 7፣ 11፣ 16፣ 30 ይሆናል። ትልቁ አሁንም ውድ ነው፣ መሆንም አለበት፤ በውጊያ መሃል በአንድ ጉንጭ 45 ነጥብ ማግኘት ተራ በተራ ስድስት ጠርሙስ ከመጠጣት ይበልጣልና።

አስማት የሚያሠራ ዕቃ ሲመጣ ብዙዎች የሚሄዱት በ2003 ወደወጣው የዚሁ ጨዋታ 3.5 እትም ቀመር ነው። ከዚያ የምወስደው የቅርጹን ሐሳብ ነው። የመሣሪያ ዋጋ የጭማሪው ካሬ በ2,000 ተባዝቶ ነው፦ 2,000፣ 8,000፣ 18,000፣ 32,000፣ 50,000። እያንዳንዱ ተጨማሪ +1 ከፊተኛው ይበልጥ መወደዱ ትክክል ነው። ያው እትም ለማያቋርጥ አስማት ያስቀመጠው ቀመር፣ የአስማቱ ደረጃ በጠንቋዩ ሌቭል፣ ከዚያም በ2,000 ሲባዛ፣ ብቻውን ሲሠራበት ግን ይሰበራል። አንደኛ ደረጃ የሆነውና ለአንድ ጥቃት +20 የሚሰጠው ትሩ ስትራይክ የተባለ አስማት በዚህ ስሌት 2,000 ወርቅ ብቻ ይሆናል። ሜጅ አርመር የተባለው የመከላከያ አስማትም ኤሲ +4 እየሰጠ 2,000 ወርቅ ወይም ከዚያ በታች ይወጣዋል፤ ያንኑ +4 የሚሰጠው የክንድ መከላከያ ግን በዚያው መጽሐፍ 16,000 ነው። ስለዚህ ቀመር ከመጠቀሜ በፊት ያንኑ ሥራ የሚሠራ ዕቃ መጽሐፉ ውስጥ ካለ በእሱ እለካለሁ። ከሌለ ደግሞ አንድ አጥር አለኝ፦ አንድን አስማት በዘላቂነት የሚሰጥ ዕቃ፣ ጠንቋዩ ያንን አስማት ከሚያገኝበት ሌቭል በፊት ሱቅ አይገባም። ፍላይ (የመብረሪያው አስማት) ሦስተኛ ደረጃ አስማት ነው፤ ጠንቋዩ 5ኛ ሌቭል ላይ ያገኘዋል። መጥረጊያውም የሚመጣው ያኔ ነው፤ ዋጋውም 5,000።

የቀረው መግዣና መሸጫው ነው። በ2017 የወጣው ማሟያ መጽሐፍ ላይ አንኮመን ዕቃ ሲገዛ አንድ ባለ6 ዳይስ ተጥሎ በ100 ይባዛል፤ ፍለጋው አንድ የሥራ ሳምንትና 100 ወርቅ ይወስዳል። ሲሸጥ መነሻው 400 ነው፣ ማፈላለጊያው 25 ወርቅ። ዳይሱ 1 ከወጣ 100 ሲደመር 100 ሲደመር 25፣ 225 አውጥቶ በ400 መሸጥ ነው። ፐርስዌዥን (የማሳመን ችሎታ) ላይ 21 እና ከዚያ በላይ የሚያመጣ አንደበተ ርቱዕ ባርድ (አዝማሪ ገጸ ባህሪ) ካለ ደግሞ 600 ይሸጣል። ቡድኑ ጀብዱውን ትቶ ነጋዴ ይሆናል። እኔ ሱቁ የሚገዛበትን ግማሽ ዋጋ፣ ክርክሩን በሁለቱም በኩል ከሙሉው ዋጋ 10 በመቶ አድርጌዋለሁ። ተጫዋች በምንም ዘዴ ቢከራከር ከ90 በመቶ በታች አይገዛም፣ ከ60 በመቶ በላይም አይሸጥም። የመሥሪያ ወጪውን ግማሽ ዋጋ አደርጋለሁ፤ የመድኃኒቶቹን ዋጋ ዝቅ ያደረገ ሰው የመሥሪያቸውንም አብሮ መቀነስ እንዳለበት ልብ ይበል፤ አለበለዚያ መሥራቱ ከመግዛቱ ይወደዳል። 4,000 የሚያወጣ ሬር ዕቃ በ2,000 ወርቅና በ10 የሥራ ሳምንት ይሠራል፤ ተከራክሮ ቢሸጥ 2,400 ነው። መጠነኛ ኑሮ በቀን 1 ወርቅ ስለሚፈልግ ከ400ው ትርፍ ቢያንስ 70 ያህሉ በዚያ ይሄዳል። የሚሠራው ለራሱ ወይም ለጓደኛው ከሆነ ግን ግማሹን ያተርፋል፤ ዕቃ መሥራት እንዲያዋጣ የምፈልገውም በዚህ በኩል ነው።

ዝርዝሩን ለተጫዋቾች የማሳየው በሙሉ አይደለም። ለእያንዳንዱ ከተማ ከስድስት እስከ ስምንት ዕቃ፣ ከእነዚህም ግማሹ አላቂ፣ አንዱ ብቻ ከቡድኑ ኪስ በላይ የሆነ አስቀምጣለሁ። ያ አንዱ ወርቅ እንዲያዋጡና እንዲያጠራቅሙ ያደርጋቸዋል። አንድ ጊዜ የተነገረ ዋጋ እዚያው ከተማ ውስጥ አይቀየርም። ስሌቱ ጠባብ ወይም ሰፊ ሆኖ ከታየ፣ ማስተካከያው በሚቀጥለው ከተማ በሚቀጥለው ነጋዴ ዘንድ ይጀምራል።