ቀጤማና ብርቱካንማ አክሊል

ኡትሬክት፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዕለት

ዓርብ ከስግደት ስመለስ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። በሌላ ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ውለን ከባቡር ስወርድ ምሽት 12 ሰዓት አልፏል። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ወደ ኦውደግራኽት ቦይ ብታጠፍ ድልድዩ በሰው ተጨናንቋል፤ ሙዚቃው ከየአቅጣጫው ይጮኻል። የኔዘርላንድስ ንጉሥ ልደት የሆነው የንጉሥ ቀን የሚከበረው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 27 ነው፤ ኡትሬክት ግን የጎዳና ገበያዋን የምትከፍተው በዋዜማው ምሽት ነው፤ ሌሊቱንም አትዘጋውም። የክርስቶስ መከራ ሲነበብ ውዬ ከዚያ ጭፈራ መካከል መግባት ከበደኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ፤ ሌሊቱንም የጎዳናው ድምፅ እየቀሰቀሰኝ ሆድ ባሰኝ። በዓላችን ከበዓላቸው ጋር እንዲህ ይጋጠማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ቀጤማ ልቀበል ተመልሼ ሄድኩ። የአገር ቤቱ ቀጤማ እዚህ የለም፤ ወጣቶቹ ከቦይ ዳር የሚያጭዱት ረጅም ሣር ነው። ካህኑ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ አደሉን፤ እኔም በልጅነቴ እንደማደርገው ጠምዝዤ ራሴ ላይ አሰርኩት። በመልሱ ባቡር ላይ ሰው ሁሉ ብርቱካንማ ለብሷል፤ ብርቱካንማ ኮፍያ፣ ብርቱካንማ የወረቀት አክሊል፣ ጉንጩ ላይ ባንዲራ የተሳለ ሕፃን። በሌላ ቀን ቢሆን ሣር አስሬ ስገባ ሰው ሁሉ ያፈጥብኝ ነበር። ትናንት ግን አንድ ሽማግሌ ራሴን አየት አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ፤ እርሳቸውም አክሊል ደፍተዋል።

ጎረቤቴ ሰማንያን ያለፉ እናት ናቸው። ከደጃቸው ባንዲራ ሰቅለው፣ ከላዩ ረጅም ብርቱካንማ ጥብጣብ አንጠልጥለው ነበር። ቀለሙ ከንጉሡ ቤተሰብ ስም የመጣ ነው፤ ኦራንየ ይባላሉ። ንጉሥ ዊለም አሌክሳንደር 52 ዓመት የሞላቸው ትናንት ሲሆን፣ ዘንድሮ ቤተሰባቸውን ይዘው የሄዱት እዚሁ አጠገባችን ወዳለችው አመርስፎርት ነው። ጎረቤቴ ቴሌቪዥናቸውን ከፍተው ሲጠብቁ አገኘኋቸውና አስቀምጠው አጫወቱኝ። በዓሉ የተጀመረው በእኛው ከተማ ነው፤ በፈረንጆቹ 1885 ልዕልት ዊልሄልሚና አምስት ዓመት ሲሞላቸው። ኋላ ንግሥት ዩልያና ሲነግሡ በዓሉ ወደ እርሳቸው ልደት፣ ወደ ኤፕሪል 30 ዞረ። ልጃቸው ቤያትሪክስ የተወለዱት በጃንዋሪ ብርድ ነበርና በፈረንጆቹ 1980 ሲነግሡ የራሳቸውን ቀን ትተው የእናታቸውን አቆዩ። ይህን ስሰማ አንጀቴን በላኝ። ሐምሌ 16 በመጣ ቁጥር «ዛሬ የጃንሆይ ልደት ነበር» የምትለው እናቴ ትዝ አለችኝ።

«ቤት ተቀምጠሽ አትዋዪ፣ ውጪ» አሉኝ ጎረቤቴ። ወጣሁ።

በዚህ ቀን ማንም ሰው ያለ ፈቃድ አሮጌ ዕቃውን አውጥቶ መንገድ ላይ መሸጥ ይችላል። ቦታ ለመያዝ አስቀድሞ አስፋልቱን በጠመኔ ያሰምሩታል፤ «ተይዟል» ብለው ይጽፉበታል። እኔ የቆምኩት አንዲት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ፊት ነው። ብርድ ልብስ አንጥፋ የጨርቅ ጥንቸል፣ የጠበባትን ጫማ፣ እንቆቅልሽ መገጣጠሚያና ሦስት ትንንሽ ጆሮ የሌላቸው ስኒዎች ደርድራለች። የእኛ ስኒ ነው የሚመስሉት! ጎንበስ ብዬ አንዱን ሳነሳ ቶሎ ብላ ከእጄ ወሰደችውና ከንፈሩ ላይ ያለችውን ስንጥቅ በጣቷ አሳየችኝ።

«ይቺ ተሰብራለች። ሌሎቹ ደህና ናቸው።»

ስንት ነው ብላት ሦስቱም ሃምሳ ሳንቲም አለችኝ። አልተከራከርኩም። ሳንቲሙን ስሰጣት ዓይኗ ራሴ ላይ ነበር።

«ያንቺ አክሊል ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

«የኖኅን መርከብ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ርግቧ ውኃው መጉደሉን ልትነግረው ይዛለት የመጣችው ነው።»

ጥቂት አሰበችና ከጀርባዋ ካለው ሣጥን ብስኩት አወጣች፤ ከአያቷ ጋር የጋገረችው ነው፤ ከላዩ ብርቱካንማ ስኳር ተቀብቷል። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ውኃም። እስከ ሌሊት እንደምጾም ነገርኳት። ትከፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሷ ግን ብስኩቱን በወረቀት ጠቅልላ ስኒው ውስጥ ከተተችውና «እንግዲያው ሌሊት ብዪው» አለችኝ።

እዚያው ድልድይ ላይ ብዙ ቆየሁ። ዓርብ ማታ ጆሮዬን የያዝኩበት ሙዚቃ ያው ነበር፤ ጀልባዎቹም በዘፋኝ እንደተሞሉ ናቸው። አሁን ግን ፊታቸውን እያየሁ ነበር።

ሌሊት ከቅዳሴ ስንወጣ «ክርስቶስ ተንሥአ» ተባባልን። ዶሮው ከመቅረቡ በፊት ወረቀቱን ፈትቼ ብስኩቱን ለአራት ቆረስኩት። ቅቤው ይሸታል። ከሁለት ወር ጾም በኋላ መጀመሪያ የቀመስነው እርሱን ነው። ስኳሩ ቀልጦ ጣቶቼ ላይ ቀረ፤ አሁንም ይህን ስጽፍ የነጠላዬ ጥለት ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ይታየኛል።