የተበላሸ ማጫወቻ ለማስለወጥ ያለን ሁለት ገበያ ነው

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ «ለውጥልኝ» ወይም «ገንዘቤን መልስልኝ» ብሎ ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው 15 ቀን በቂ ነው። ከመንዝ ገጠር በገበያ ቀን ወጥቶ ለገዛ ሰው ግን ሁለት ገበያ ማለት ነው። ቅዳሜ የገዛ በ7ኛው ቀን አንድ ቅዳሜ፣ በ14ኛው ቀን ሌላ ቅዳሜ ያገኛል፤ ሦስተኛው ቅዳሜ ሲመጣ ቀኑ አልፏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት የመፈተሻ ነው። አዲስ የዘፈን ማጫወቻ፣ ማለትም ሚሞሪና ሬዲዮ ያለውን ትንሽ ስፒከር፣ ሳጥን ላይ አስቀምጦ ለበዓል ማቆየት ትልቅ ስህተት ነው።

ፍተሻው የሚጀምረው ሱቁ ውስጥ ነው። ዘፈን ያለበት የራስዎን ሚሞሪና የራስዎን ኤርፎን ይዘው ይሂዱ። ማጫወቻውን አስከፍተው ሬዲዮውን፣ ሚሞሪውን፣ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን፣ ገመዱ ሲሰካ የቻርጅ መብራቱ መብራቱን ይዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ደረሰኙ ላይ «ስፒከር 1» ብቻ ተጽፎ እንዳይሰጥዎ፤ ሞዴሉና ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍበት። በቴሌብር ከከፈሉ መልእክቱን አያጥፉት፤ ቀኑንና የብሩን መጠን ይዟልና ለደረሰኙ ደጋፊ ይሆናል።

ቤት ከገቡ በኋላ «አይሠራም» ከማለትዎ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። መመላለሻው ትራንስፖርት የማጫወቻውን ዋጋ ግማሽ ሊበላ ስለሚችል ይህን ክፍል አጥብቄ የምናገረው ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሚሞሪው ነው። ትንንሾቹ ማጫወቻዎች ባብዛኛው የሚያነቡት እስከ 32 ጊጋ የሆነ፣ በፋት32 (ፋይል በሚሞሪ ላይ የሚደረደርበት አንድ ስልት) ፎርማት የተደረገ ሚሞሪ ነው። 64 ጊጋ ሚሞሪ ከፋብሪካ የሚወጣው በሌላ ስልት፣ በኤክስፋት ነው፤ ስልክ ላይ እየሠራ ማጫወቻው ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። የዘፈኑ ዓይነትም ያሳስታል። በስልክ ከኢንተርኔት የወረደ መዝሙር ብዙ ጊዜ ኤም4ኤ ስለሆነ ኤምፒ3 ብቻ የሚያነብ ማጫወቻ ይዘለዋል። በአማርኛ የተጻፈ የዘፈን ስም ስክሪኑ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ቢታይም ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ስላልተጫነበት እንጂ ተበላሽቶ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው የውሸት ሚሞሪ ነው፤ ላዩ ላይ 32 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 4 ጊጋ የሆነ። ሲጫንበት ዝም ብሎ ይቀበላል፣ የዘፈኖቹ ስም ይታያል፣ ሲከፈቱ ግን ይቆራረጣሉ ወይም አይጫወቱም። ኮምፒውተር ያለው ዘፈን ጫኝ ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሚሞሪውን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ትክክለኛ መጠኑን ያወጣዋል። ውሸት ከሆነ የሚመለሰው ሚሞሪው ነው፣ ለሚሞሪ ሻጩ። ማጫወቻውን ለመለየት ደግሞ አንድ 4 ወይም 8 ጊጋ ሚሞሪ በፋት32 ፎርማት አድርጎ አሥር ኤምፒ3 ዘፈን መጫን ይበቃል። እነዚያን ካጫወተ ጤነኛ ነው። ካላጫወተ ያንኑ ሚሞሪ ሱቁ ድረስ ይዘው ይሂዱ።

ቀጥሎ ኤርፎን የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። ዘፋኙ ጠፍቶ መሰንቆና ከበሮው ብቻ ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ ዘፈኑም ማጫወቻውም ላይበላሹ ይችላሉ። የግራና የቀኝ ድምፅ የሚጋሩት አንድ የጋራ መስመር አለ። እሱ ሳይገናኝ ሲቀር ሁለቱ ድምፆች እርስ በርስ ይቀናነሳሉ፣ በሁለቱም እኩል የተቀዳው ሁሉ ይጠፋል። የዘፋኝ ድምፅ ደግሞ ባብዛኛው በሁለቱም እኩል ነው የሚቀዳው። ከድሮ ካሴት በሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሆኖ) የተገለበጠ ከሆነማ ሙሉ ዘፈኑ ጭራሽ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ጃኩን (የኤርፎኑን መሰኪያ) በአንድ ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ሳብ አድርገው ይሞክሩ። ዘፋኙ ከተመለሰ የጃኩን ጫፍ ይዩ፤ ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው ማይክ ያለው የስልክ ኤርፎን ነው፣ ከቀዳዳው ጋር አልገጠመም። ሁለት ቀለበት ባለው ኤርፎንም ያው ከሆነ፣ ወይም ገመዱ በተነካ ቁጥር አንዱ ጆሮ የሚጠፋ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው ብየዳ ለቋል። ይህ ያለ ክርክር የሚመለስ ጉድለት ነው።

ባትሪው በተለይ በእኛ አገር ብርድ ያታልላል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳይ በሚጥልበት ሌሊት ውጭ ያደረ ሊትየም ባትሪ ጠዋት ላይ ቶሎ ያልቃል። ከ0 ዲግሪ በታች እያለ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ባትሪውን ከውስጥ ይጎዳዋል። ስለዚህ ፍተሻውን ሞቅ ባለ ቤት ያድርጉት። ሙሉ ቻርጅ አድርገው፣ ድምፁን ግማሽ ላይ አቁመው፣ የጀመረበትንና የጠፋበትን ሰዓት ይጻፉ። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ግማሹን እንኳ ካልደረሰ ለመመለስ በቂ ምክንያት ነው። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት፣ ለምሳሌ ቢኤል-5ሲ፣ ከሆነ ሞባይል ጥገና ቤት በቴስተር ያስለኩት፤ ሞልቶ 4.2 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በጣት ሲያሽከረክሩት እንደ እንዝርት የሚዞር ከሆነ አብጧል፤ አይውጉት፣ አይጫኑት፣ ቻርጅም አያድርጉት። ሸዋ ሮቢት ቆላ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚተው ባትሪ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ስለ ሶላር አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ማጫወቻው የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። «12 ቮልት» ተብሎ የሚሸጥ ፓኔል ግን ምንም ሳይሰካበት ፀሐይ ላይ ከ20 ቮልት በላይ ይሰጣል። ሽቦውን ቀጥታ ያገናኘ ሰው የቻርጅ አይሲውን (ቻርጁን የሚቆጣጠረውን ትንሽ ክፍል) በቅጽበት ያቃጥለዋል፣ ሽታውም ይቀራል። በዚህ ባለሱቁ አልለውጥም ቢል እውነት አለው። ባለ 5 ቮልት ዩኤስቢ መውጫ ካለው መቆጣጠሪያ ብቻ ይሰኩ።

ጉድለቱ የማጫወቻው መሆኑን ካረጋገጡ ብሎኑን አይንኩ፤ የተከፈተ ዕቃ መብትዎን ያዳክማል። አንድ ጊዜ እየሠራ አንድ ጊዜ የሚያቆም ከሆነ ሲያቆም በስልክ ይቅረጹት፤ ሱቅ ሲደርስ ደህና መስሎ ይሠራልና። ገበያ ቀን ሳይጠብቁ ያንኑ ዕለት ለሻጩ ይደውሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዥ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጭ ማስታወቅ እንዳለበት ይናገራል። ሲሄዱ ካርቶኑን፣ ገመዱን፣ ደረሰኙን ይያዙ፤ የራስዎን ሚሞሪ ከማጫወቻው አውጥተው ለብቻ ይያዙ።

ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ቢለጠፍም ጉድለት ባለበት ዕቃ ላይ አዋጁ የሰጠውን መብት አያስቀርም። ጸብ አያስፈልግም። «ወንድሜ፣ ሁለት ቀለበት ባለው ኤርፎን ሞክሬዋለሁ፣ ቀኙ ይጠፋል፤ እስቲ አንተም ሞክረው» ማለት «ዕቃህ ቆሻሻ ነው» ከማለት በብዙ ይሻላል። የለቀቀ ብየዳ ከሆነ ለውጥ ይጠይቁ። የባትሪው ሰዓት ከሆነ ግን ከዚያው ካርቶን የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ገንዘብዎን መቀበል ይሻላል። እምቢ ካለዎት ደረሰኙን ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ የጠየቁበትን ቀን ጽፈው ወደ ንግድ ጽህፈት ቤቱ ይሂዱ። ከመርካቶ የገዛ ሰው ለዚህ ሁሉ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር መሄድና መመለስ አለበትና ለጥቂት ብር ልዩነት እዚያ ድረስ ሄዶ መግዛትን አልመክርም።

ሲለወጥልዎ አዲሱንም እዚያው በዚያው ሚሞሪና ኤርፎን ይሞክሩት፤ የተለወጠበት ቀንና አዲሱ ሴሪያል ቁጥር ደረሰኙ ጀርባ ላይ በሻጩ እጅ ይጻፍ፣ ይፈረምበት።