«ቲቸር፣ ሳንባ ውስጥ ወረቀት አለ እንዴ?»

ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ሦስቱ የጨረራ ዓይነቶች ለዓመታት የምለው አንድ ነበር፦ አልፋን ወረቀት ያቆመዋል፣ ቤታን ስስ አሉሚኒየም፣ ጋማን የሚያዳክመው ወፍራም እርሳስ ነው። ተማሪው ይጽፋል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል፣ አለቀ። ባለፈው ዓመት ግን ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አውጥታ ስለ ሳንባና ወረቀት ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። «ነገ» ብዬ ወጣሁ።

ጋቢዬን ደርቤ ሳነብ አመሸሁ። ጥፋቴ አልፋን ደካማ አስመስዬ ማስተማሬ ነው። ከውጭ ሲመጣ የቆዳን የሞተ ሽፋን አያልፍም። አልፋ የሚለቀው የፕሉቶኒየም ብናኝ በትንፋሽ ሲገባ ግን ሌላ ነው። አልፋው ከአንድ ፀጉር ውፍረት ብዙም ሳይርቅ ጉልበቱን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። አሜሪካ ውስጥ፣ ሃንፎርድና አልበከርኪ፣ ቢግል የሚባሉ ውሾች ይህን ብናኝ እንዲተነፍሱ ተደርጎ፣ ከዓመታት በኋላ የሳንባ ዕጢ ወጣባቸው። ቤታ የሚለቀው ሴሪየም 144ም ዕጢ አምጥቷል፤ ለዚያ ግን በጣም ከፍ ያለ መጠን አስፈልጎታል።

በማግስቱ ይዤ የገባሁት ቆሎ ነበር። እየወረወርኩ ላሳያቸው ነው ሐሳቤ። በሉብኝ።

ስለዚህ ወደ ማሳ ሄድኩ፤ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። «በሬ ገብስ ውስጥ ቢገባ አንድ ጥግ ያደቃል። ወፎች ግን ማሳውን ሙሉ ተበትነው እዚህም እዚያም ይነካካሉ። የጠፋው ገብስ እኩል ይሁን። የቱ ቶሎ ያገግማል?» «የወፎቹ!» አሉ። ጋማ እንደ ወፎቹ ነው፤ የተበታተነውን ጉዳት ሴሉ በአብዛኛው ይጠግነዋል። አልፋ ግን እንደ በሬው የዲኤንኤውን ሁለት ክሮች ተቀራራቢ ቦታ ላይ ይበጣጥሳል። በጨረራ ጥበቃ ስሌት የጉዳት ማባዣ ሆኖ ለአልፋ 20፣ ለጋማና ለቤታ 1 የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ምሳሌዬ አንድ ቦታ ያነክሳል፦ ዕጢ የሚያመጣው የሞተው ሴል ሳይሆን በስህተት ተጠግኖ የተረፈው ነው። ይህን ሳልናገር ደወለ። አሁን ከእሱ ነው የምጀምረው።

ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ትንሽ ትንሽ ከሆነስ ይቀላል፣ አይደል ቲቸር?»

ለጋማ በአብዛኛው አዎ። አልፋ የሚለቀውን ሬዶን የተባለ ጋዝ በብዛት የተነፈሱ አይጦች ላይ ግን ያው ድምር ረዘም ላለ ጊዜ ሲከፋፈል ዕጢው በዛ እንጂ አልቀነሰም። ነገርኳት። ግንባሯን ቋጠረች። እኔም ማታ ሳነበው እንደዚያው ነበር የሆንኩት።