ጨረቃ ያላየ ካዝና

የካዝና ጠጋኝ ስልክ አብዝቶ የሚጮኸው ሰኞ ጠዋት ነው። ቅዳሜ በሰላም የተዘጋ በር፣ እሑድን ማንም ሳይነካው ውሎ አድሮ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እጀታው እምቢ ይላል። ይህኛው ጥሪ የመጣው በዒድ አል ፈጥር ማግስት፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ካለች አንዲት የንግድ ከተማ ነው። የባንኩን ስም እተወዋለሁ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ገና ወጣት ነው። "በሩ ተበላሽቷል፤ መሰርሰሪያዎን ይዘው ይምጡ" አለኝ። እኔም ትልቁን መሰርሰሪያ ከነማግኔት መቆሚያው ጫንኩ። ልጠቀምበት አስቤ አይደለም፤ ባዶ እጁን የመጣ ጠጋኝ የሚያምን ሰው ስለሌለ ነው።

በሩን አውቀዋለሁ። ከውጭ የመጣ አሮጌ የብረት በር ነው። አንዱ ኃላፊ ቁልፉን ይይዛል፣ ሌላው ኮምቢኔሽኑን፣ ማለትም መደወያውን እያዞሩ የሚያስገቡትን ምስጢር ቁጥር፣ ያውቃል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ፣ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ፊቷ መስታወት የሆነ ትንሽ ሳጥን አለች። ታይም ሎክ የሚሏት እሷን ነው። ውስጧ ሦስት ሰዓቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በሩ ሊዘጋ ሲል እያንዳንዱ ሰዓት በመሙያ ቁልፍ ይሞላል፤ ሲሞላ ሰሌዳው አብሮ ይዞራል፤ የተፈለገው ቁጥር ከቀስቱ ፊት ሲደርስ ሞይው ይተወዋል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከቀኑ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም፤ በሩ ሊከፈት የቀረውን ሰዓት ብቻ ይቆጥራል። የእኛ አቆጣጠርም ሆነ የፈረንጅ፣ የሥራ ቀንም ሆነ ዓመት በዓል፣ ለታይም ሎክ ሁሉም አንድ ነው። ቁጥሩ እየወረደ ዜሮ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ያለች ትንሽ እሾህ አንድ ዘንግ ትገፋለች፤ ያኔ መቀርቀሪያዎቹ ለመንቀሳቀስ ነጻ ይሆናሉ። እስከዚያ ድረስ ቁልፉም ኮምቢኔሽኑም ትክክል ቢሆኑ እጀታው አይዞርም። ሰዓቶቹ ሦስት የሆኑት ደግሞ ሁለቱ ቢቆሙ እንኳ አንዱ ዜሮ ከደረሰ በሩ እንዲከፈት ነው።

ከተማዋ ስደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከበዓል በኋላ ያለ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው፤ ጭነት የሚያስጭነው፣ ብድር የሚመልሰው፣ ለሠራተኛ የሚከፍለው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ፈልጎ ቆሟል። ጢማቸውን ሂና የተቀቡ አንድ ሐጂ የጥበቃውን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። "ጨረቃዋን መላው አገር አይቷታል፤ ያላያት የእናንተ ካዝና ብቻ ነው!" ሲሉ ሰማኋቸው። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ቀለድኩ ብለው ነው እንጂ፣ የምርመራውን ውጤት ከእኔ ቀድመው መናገራቸው ነበር።

ውስጥ ገብቼ በፊቴ እንዲከፍቱ ጠየቅኳቸው። ቁልፉ ያለ ችግር ዞረ። ዋና ገንዘብ ያዡ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ እንዳናይ በትከሻቸው ከልለው ኮምቢኔሽኑን አዞሩ፤ እሱም ገጠመ። እጀታው ትንሽ ሄዶ ቀጥ አለ። ይህ አቋቋም ራሱ ይናገራል። የተሰበረ ነገር ይላላል፣ ይንቀጫቀጫል፣ አንድ ቦታ ላይ ይነክሳል። ይህ ግን በተሞከረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ፣ ያለ አንዳች ልዩነት የሚቆም እጀታ ነው።

ጄኔሬተሩን አስጠፋሁ፤ በር ላይ ያለው ሰው ዝም እንዲል ጥበቃዎቹን ለመንኩ። የመካኒክ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጫፉን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ከመሃል ምንም አይሰማም። ታይም ሎኳ ወደተገጠመችበት ጥግ ስጠጋ ግን መጣ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የተደራረበ ምት። አንድ ሰዓት ብቻውን ሲመታ ምቱ እኩል ነው። ብዙ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ይቀድማል፣ ይገናኛሉ፣ እንደገና ይለያያሉ። ለረጅም ጊዜ አዳመጥኩ። ቆሞ የቀረ ሰዓት አልነበረም።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ስንት ሞሉ?" አልኳቸው።

መልስ ሳይሰጡ መዝገቡን አመጡ። የተዘጋበት ሰዓት፦ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት። የተሞላው፦ 64፣ 64፣ 64። ከሥሩ ሁለት ፊርማ። ከቅዳሜ አሥር ሰዓት ተነስታችሁ 64 ሰዓት ብትቆጥሩ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። ለሰኞ ጠዋት 40 በቂ ነበር።

ሰውየው መደመር አቅቷቸው አይደለም። ቅዳሜ የረመዳን 29ኛ ቀን ነበር። ጨረቃ ማታ ከታየች ዒድ እሑድ ነው፤ ካልታየች ሰኞ። ባንኩ የሚዘጋው ግን ጀንበር ሳትጠልቅ ነው፤ ታይም ሎክ ደግሞ የሚሞላው በሩ ክፍት ሳለ ብቻ ነው። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ገና የማያውቀውን ነገር እሳቸው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መወሰን ነበረባቸው። ከዚህ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ የውስጥ ኦዲት "በዓሉ ሳያልቅ ታይም ሎኩ ጊዜውን ጨርሷል" የሚል አስተያየት ጽፎባቸዋል። ያ ወረቀት ከአእምሯቸው አልጠፋም። ሰኞ በዓል ቢሆንስ ብለው ወደ ትልቁ ቁጥር ሄዱ። ጨረቃዋ ቅዳሜ ማታ ታየች።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ተስፋ ቀረው፤ ምናልባት ከሦስቱ አንዱ ሰዓት በስህተት ትንሽ ብቻ ተሞልቶ ይሆን? እንዲያ ቢሆን ቀድሞ ዜሮ ገብቶ በሩን ይፈታው ነበር። ዋና ገንዘብ ያዡ ግን ጥንቁቅ ናቸው። ሦስቱንም መነጽራቸውን አድርገው ነው የሞሉት። ጥንቃቄ ሰውን እንዲህ ሲያስወቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"እርስዎ ነዎት የዘጉት፤ አንድ መላ አያጡም እኮ!" እያለ ልጁ ይወተውታቸው ጀመር። ሽማግሌው ዝም አሉ። የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም፤ ታይም ሎክ የተሠራውም የበሩ ኃላፊ የሚሰጠው ነገር እንዳይኖረው ነው። በአሜሪካ ኮምቢኔሽን ሲስፋፋ ሌቦች በሩን መታገል ትተው ቁጥሩን የሚያውቀውን ሰው ከቤቱ ማፈን ጀመሩ። የኒውዮርክ ግዛቷ የሮቸስተር ከተማ ሰው ጄምስ ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1873 ታይም ሎኩን ሠራ፤ በዓመቱ ኢሊኖይ ውስጥ ሞሪሰን በምትባል ከተማ ባንክ ላይ ተገጠመ። በ1876 መጀመሪያ ላይ ማሳቹሴትስ ውስጥ የኖርዛምፕተን ባንክ ገንዘብ ያዥ ሌሊት ቤቱ ውስጥ ተይዞ፣ ተሠቃይቶ ቁጥሮቹን ተናገረ፤ ሌቦቹ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ገንዘብና ሰነድ ይዘው ሄዱ። ከውስጥ ሆኖ መረጃ ያቀበላቸው የካዝና ኩባንያ ሠራተኛ ነበር፤ የሙያ ባልደረባዬ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የጄሲ ጄምስ ቡድን ሚኒሶታ ውስጥ የኖርዝፊልድን ባንክ ሲወር ገንዘብ ያዡን ተክቶ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ሄይዉድ "በታይም ሎክ ተቆልፏል፤ አይከፈትም" አላቸው። አላመኑትም፤ ገደሉት። መሣሪያው ሰው የሚያድነው ዘራፊው መኖሩን ሲያምን ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገርኩትም፤ ጊዜውም አልነበረም። የነገርኩት ስለ መሰርሰሪያው ነው። የዚህ በር ፊት ተራ ብረት አይደለም፤ ከሥሩ የጠነከረ ሳህን አለ፤ የመሰርሰሪያ ጫፍ ይበላል። ከሳህኑ ኋላ ደግሞ በሩ መደፈሩን ሲያውቅ በስፕሪንግ ተወርውሮ መቀርቀሪያዎቹን ለብቻው የሚቆልፍ ሌላ ዘንግ አለ። እሱ አንዴ ከተፈታ በኋላ ሦስቱም ሰዓቶች ዜሮ ቢገቡ፣ ቁልፉም ቢዞር፣ በሩ አይከፈትም፤ ያኔ ሥራው የቀናት ይሆናል፤ ምናልባትም በሩ ራሱ ይቀየራል። "ስለዚህ ብሰረስር ነገ ጠዋት በራሱ የሚከፈተውን በር ለሳምንት ዘጋሁት ማለት ነው" አልኩት። ዋና መሥሪያ ቤት ደወለ፤ እነሱም "ባለሙያው ይሰርስር" አሉ። ስልኩን ተቀብዬ፣ በጽሑፍ ከላካችሁልኝ እሰረስራለሁ አልኳቸው። የጻፈ ሰው አልተገኘም። በምትኩ ከሌላ ቅርንጫፍ በፖሊስ ታጅቦ ጥሬ ገንዘብ እንዲመጣ ተወሰነ። ይህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተወስኖ ቢሆን ሐጂውም ቀኑን ሙሉ የጥበቃ ወንበር ባላሞቁ ነበር።

ገንዘብ የሚጠብቁ መሣሪያዎች ሁሉ ጥርጣሬያቸው እኩል አይደለም። እኔ አብዛኛውን እንጀራዬን የማገኘው ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ጥገና ነው። የዚያን መሣሪያ አባት፣ የኦሃዮዋ ዴይተን ከተማ ሰው ጄምስ ሪቲን፣ ለፈጠራ ያነሳሱት የመሸታ ቤቱ አስተናጋጆች ናቸው፤ ሽያጩን ወደ ኪሳቸው እያስገቡ ቢያስመርሩት፣ በመርከብ ሲጓዝ ያየውን የፕሮፔለር ዙር ቆጣሪ አስታውሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ከወንድሙ ጋር የፈጠራ መብት አወጣ። የሪቲ ማሽን ሠራተኛውን ይጠረጥራል፣ ባለቤቱን ያምናል። የሳርጀንት ማሽን ባለቤቱንም አያምንም። ሰኞ ዕለት ልጁን ያበሳጨው ይህ ይመስለኛል፤ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የማይታዘዘው ነገር በቅርንጫፉ ውስጥ ሲያገኝ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ በሰዓቱ ተከፈተ። ሰዓቶቹን አየኋቸው፤ ንጹሕ ናቸው፣ ዘይታቸውም አልደረቀም፣ በየዓመቱ ጽዳት እንደሚደረግላቸው ያስታውቃል። ከዋና ገንዘብ ያዡ ጋር ቁጭ ብለን በዓሉ በጨረቃ በሚወሰንበት ጊዜ ምን እንደሚሞላ ተነጋገርን። ሁልጊዜ አጭሩ። 40 ተሞልቶ ሰኞ በዓል ቢሆን ታይም ሎኳ ትፈታለች እንጂ በሩ አይከፈትም፤ ቁልፉና ኮምቢኔሽኑ እንደተቆለፉ ናቸው፣ ጥበቃውም በቦታው ነው። 64 ተሞልቶ ሰኞ ሥራ ቢሆን ግን ምንም መመለሻ የለውም። "ለኦዲቱስ?" አሉኝ። ምክንያቱን መዝገቡ ላይ በዚያው ቀን ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት አልኳቸው። ወዲያው በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው በበሩ ውስጠኛ ገጽ፣ ከሳጥኗ በላይ ለጠፉት።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተጋጨነው በወረቀት ነው። የሥራ ማስረከቢያው ላይ "የታይም ሎክ ብልሽት" ብዬ እንድጽፍለት ፈለገ። ብልሽት ብዬ ከጻፍኩ ጤነኛው ዕቃ ወጥቶ አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም በሚቀጥለው ዒድ የሞሉትን ያህል ይቆጥራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ባለፈው ጽዳት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። "ተመርምሯል፤ በትክክል ይሠራል" ብዬ ጻፍኩ። ሒሳብ ክፍሉ ይህን ሲያነብ፣ ምንም ካልተጠገነ የሚከፈለው ለምኑ ነው ብሎ ደብዳቤዬን መለሰው። ብዙ ተጻጻፍን። በመጨረሻ ክፍያው "የበር ጥገና" በሚል አርዕስት ወጣ፤ ሲስተሙ ላይ ሌላ አርዕስት የለም ተባልኩ።