የሰው መኪና ሳይጭሩ መመለስ

የመኪና ውድድር እወዳለሁ ስል እዚህ ሜልቦርን ያሉ የአገሬ ልጆች ይስቁብኛል። «ኳስ አይሻልህም?» ይሉኛል። ኳሱንም አያለሁ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር ግን ከባተርስት የሚበልጥብኝ ነገር የለም።

ባተርስት ከሲድኒ በስተምዕራብ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ማውንት ፓኖራማ የሚባል ተራራ አለ። መንገዱ በአዘቦት ቀን ማንም የሚነዳበት ተራ አስፋልት ነው። ለውድድሩ ይዘጋና 161 ዙር፣ ማለትም 1000 ኪሎ ሜትር ይሮጥበታል። ከታች እስከ ላይ የ174 ሜትር ልዩነት አለው። አናቱ ላይ ሲደረስ ግራና ቀኝ የኮንክሪት ግንብ ነው። ትንሽ ከሳቱ አለቀ።

ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ አንዷን መኪና ሁለት ሹፌሮች ይቀባበሏታል። ለብቻው ነድቶ ያሸነፈ የመጨረሻው ሰው ፒተር ብሮክ ነው፤ ያውም በፈረንጆቹ 1972 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው)።

እኔን የሚስበኝ ሁለተኛው ሹፌር ነው። ዋናው ሱፐርካርስ በሚባለው የአውስትራሊያ የመኪና ውድድር ዓመቱን ሙሉ ይወዳደራል። ሁለተኛው የሚጠራው ለረጃጅሞቹ ውድድሮች ብቻ ነው። ደግሞ እንደነገሩ ነድቶ አይወርድም፤ ባተርስት ላይ ቢያንስ 54 ዙር መንዳት ግዴታው ነው። ሥራው ባጭሩ መኪናዋን እንደተረከባት መመለስ ነው። ጥሩ ከነዳ ብዙም ልብ የሚለው የለም። ግንቡን ከነካ ግን ዓመቱን ሙሉ መነጋገሪያ ይሆናል።

ሲቀያየሩ ማየት ነው ደስ የሚለው። መኪናዋ እንደቆመች በሩ ይከፈታል። አንዱ ላብ በላብ ሆኖ ይወጣል። ሌላው ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ይገባል። አጠር ያለ ከሆነ የራሱን መደገፊያ ይዞ ነው የሚገባው፤ ወንበሩ የተለካው ለዋናው ነዋ! ቀበቶው፣ የሬዲዮው ገመድ፣ የውሃው ቱቦ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን መያዝ አለበት። የወጣው ሰውዬ ቶሎ አይሄድም፤ ጎንበስ ብሎ የጓደኛውን ቀበቶ ያስራል። ይሄ ሁሉ ነዳጁ ተቀድቶ ሳያልቅ ነው። እኔ ታክሲ በፈረቃ ስነዳ ከባልደረባዬ ጋር በወንበርና በስፖኪዮ ብቻ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል!

ከሁሉም ጋርዝ ታንደርን አደንቃለሁ። ሰውዬው የ2007 የሱፐርካርስ ሻምፒዮን ነው። ባተርስትን በ2000፣ በ2009 እና በ2011 አሸንፏል። በ2011 አብሮት የነዳው ኒክ ፐርካት የሚባል ጀማሪ ነበር፤ ተፎካካሪያቸውን ክሬግ ላውንዝን የቀደሙት ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ነው። ከ2018 በኋላ ግን ታንደር የሙሉ ጊዜ ቦታ አጣ። እንደሱ ያለ ሰው ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። እሱ ግን ከሼን ቫን ጊስበርገን ጋር ሁለተኛ ሹፌር ሆኖ ቁጭ አለ። በ2020 አሸነፉ፣ በ2022 ደገሙት። በ2025 ደግሞ ከማት ፔይን ጋር ስድስተኛውን ወሰደ። ታንደር መጀመሪያ ሲያሸንፍ ፔይን እኮ ገና አልተወለደም!

ለእኔ ከባዱ ፍጥነቱ አይደለም። ዋናው ሹፌር መኪናዋን ዓመቱን ሙሉ ለምዷታል። ሁለተኛው ወራት ቆይቶ ይመጣና ያችኑ የልምምድ ሰዓት ከሱ ጋር ይካፈላል። ስለዚህ ብዙዎቹ እጃቸው እንዳይፈታ ሌላ ውድድር ውስጥ ይገባሉ። ስቲቨን ሪቻርድስ በፖርሽ ይወዳደር ነበር። ባተርስትን አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ከላውንዝ ጋር በሁለተኛ ሹፌርነት ነው።

አባቱ ጂም ሪቻርድስም ከብሮክ ጋር በ1978፣ በ1979 እና በ1980 አከታትሎ አሸንፏል። በ1979 ተከታዮቻቸውን በ6 ዙር ነው የጣሏቸው። የዚያን ዓመት ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ብሮክ በመጨረሻው ዙር ሪከርድ መስበሩን ነው። ጂም ስለነዳቸው ዙሮች ሲያወራ የሰማሁት ሰው እስካሁን የለም።