የተረፈች ክፍት ቦታ

ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን የእህቴ ልጅ ስልኳን ሰጠችኝ። ባሕር ዳር ቁጭ ብላ ኤክሴል በኦንላይን ታስተምራለች። “ጋሼ፣ ይቺን ኢሜይል እያት፤ ስንቱ መለሰልኝ መሰለህ!”

ፎቶ የላት፣ ባነር የላት። “ቪሉክአፕ አልሠራም ሲላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? መልሱልኝ” ትላለች፤ አለቀ። ቪሉክአፕ ማለት አንድን ስም ከሰንጠረዥ ፈልጎ አጠገቡ ያለውን የሚያመጣ የኤክሴል ቀመር ነው፤ ስሙ በትክክል ካልገጠመ አያገኘውም። አንዱ ተማሪ ከአንድ ስም ኋላ የተረፈች ባዶ ክፍት ቦታ ቀኑን ሙሉ እንዳንከራተተችው ጽፎላታል። እሷም የሳምንቱን ትምህርት ከዚያው አገኘች።

እኔ ዘንድ ደግሞ “50% ቅናሽ፣ ዛሬ ብቻ!” እያለ ወራት ያስቆጠረ የኮርስ ሻጭ አለ። ያ “ዛሬ” መቼ እንደሚመሽ እንጃ! ጂሜይልም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ለይቶ ፕሮሞሽንስ የሚባል ክፍል ውስጥ ይከታል። በ2024 ደግሞ ወደ ጂሜይል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ኢሜይል የሚልኩ ሁሉ የማስታወቂያ ኢሜይላቸው ላይ በአንድ ጠቅታ መውጫ እንዲያስቀምጡ ግዴታ አደረገ። ደግ አደረገ።

“ስንት ሰው ከፈተው?” አልኳት። ሳቀችብኝ። መከፈቱ የሚቆጠረው ኢሜይሉ ውስጥ የተደበቀች የማትታይ ምስል ስትወርድ ነው፤ ከ2021 ወዲህ ግን የአፕል ሜይል ሰውየው ባይከፍተውም ምስሎቹን ቀድሞ ሊያወርድ ስለሚችል ቁጥሩ አይታመንም አለች። የምትቆጥረው መልስ የጻፉላትንና ትምህርቱን የጨረሱትን ነው።

የኮርሱን ክፍያ የምታነሳው አልፎ አልፎ፣ ያውም ከታች በአንዲት መስመር። ከላይ አድርጊው፣ ሰው ዋጋ ሳያውቅ ልቡ አያርፍም አልኳት። አልተስማማችም። እናንተስ?