12/3 ኅዳር ነው ወይስ ማርች?

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአያት አለፍ ብሎ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው በሚጀምርበት አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ሙያዬ ፋርማሲ ነው። ጥያቄዬም አጭር ነበር፦ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ ሴቶች ሲያረግዙ መድኃኒቱ በጊዜ ይቀየርላቸዋል ወይ? ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ እርግዝናው ከገፋ በኋላ ከተወሰዱ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ፤ የእንሽርት ውሃውንም ያሳንሳሉ። ስለዚህ እንደ ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን ባሉ መድኃኒቶች መተካት አለባቸው። ይህን ለማወቅ አዲስ ሰው መመርመር አያስፈልግም፣ መልሱ ካርድ ክፍል ተቀምጧል ብዬ ተነሣሁ። እውነትም ተቀምጧል። የተቀመጠው ግን በሁለት የዘመን አቆጣጠር ተደባልቆ መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ክፍል ውስጥ ያነበብናቸው ጥናቶች አታልለውኛል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመሩት፣ ዛሬ ክሊኒካል ፕራክቲስ ሪሰርች ዳታሊንክ የሚባል የመዝገብ ክምችት አላቸው። የሰፈሩ ሐኪም ኮምፒውተር ላይ የጻፈው ማዘዣና የምርመራ ውጤት ስሙ ተነሥቶለት እዚያ ይገባል፤ ተመራማሪው ቢሮው ተቀምጦ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ እርጉዞችን ይከታተላል። እኛ ጋ ያለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና ተቋማት ሪፖርት መሰብሰቢያ ሥርዓት ግን የሚነግረን ድምሩን ነው። በወሩ ስንት የግፊት ታካሚ እንደታየ ያውቃል፣ የትኛዋ ሴት ምን እንደወሰደች አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ፎልደሩ ብቻ ነው።

የሥነ ምግባር ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ፦ ወራት ወሰደ፣ ተገኘ።

መዝገብ ከመዝገብ ማገናኘቱም ቢሆን ከባድ እንጂ የማይቻል አልነበረም። የግፊት ክትትል መዝገቡ ላይ «ፀሐይ» የተባለችው የእርግዝና መዝገቡ ላይ «ጸሀይ» ትሆናለች፤ ለኮምፒውተር ሁለት ሴቶች ናቸው። ካርዷን የጣለች አዲስ ቁጥር ይሰጣታል። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲመሠረት ደግሞ የብዙ ሰው አድራሻ ከየካና ከቦሌ ተነሥቶ ተቀየረ፣ ቤቱ ግን እዚያው ነው። እዚህ ላይ የጥናት ሥነ ምግባር መመሪያው ስም አትንኩ ይላል፤ እኔ አልስማማም። ስምን፣ የአባትን ስምና ዕድሜን አንድ ላይ ሳያዩ አንዲትን ሴት ከሁለት መዝገብ ማግኘት አይቻልም። በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ስሙ ካርድ ክፍል ውስጥ ብቻ እንደሚታይ፣ ማገናኛው ዝርዝር እዚያው ተቆልፎ እንደሚቀመጥና ሥራው ሲያልቅ እንደሚወገድ በጥናት ዕቅዱ ላይ በግልጽ ጽፎ ማስፈቀድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስለወጣ ይህን ደብቆ መሥራት ዛሬ ሞኝነት ነው። አስፈቅጄ ሠራሁ፣ ማንም አልተቆጣም።

የተበላሸው ቀኑ ላይ ነው።

ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ የጻፍኩት መመሪያ ሁለት መስመር ነበር፦ በእጅ የተጻፈ ቀን የኢትዮጵያ ነው፣ በማሽን የታተመ የፈረንጅ ነው፤ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ አስገቡ። አማካሪዬ አንብቦ ፈርሞበታል። እኔ ራሴ በመድኃኒት መደርደሪያ ፊት ስቆም ስንት ጊዜ የመጠቀሚያ ማብቂያ ቀንን በፈረንጅ አንብቤ በእጄ መዝገብ ላይ እንዳለ እንደገለበጥኩ ያን ዕለት ትዝ አላለኝም። በእጅ የተጻፈ ሁሉ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ የእኔ መዝገብ ራሱ ውሸት ነበር።

ሁለት ወር ሰብስበን ስናበቃ ዘጠኝ ሴቶች ወጡ፦ ከአራት ወር በላይ እርጉዝ ሆነው ኢናላፕሪል ሲወስዱ የነበሩ። ደነገጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኛል። ለአማካሪዬ በዚያው ሌሊት ጻፍኩለት። ጠዋት ደግሞ ዘጠኙን ፎልደር አስወጥቼ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ክፍል ለሚሠሩት ሲስተር ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው የላይኛውን ገለጡ። ገለጡና ዝም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህቺ ሴት ሆዷ ገፍቶ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ እኔ ኢናላፕሪል ጻፍኩላት ነው የምትለኝ?»

«እኔ አላልኩም ሲስተር፤ መዝገቡ ነው የሚለው።»

«መዝገቡን የጻፈው ማን ሆነና!»

ከዚያ ጣታቸውን በራሳቸው ጽሑፍ ላይ አደረጉ። ሚያዝያ 8፦ ኢናላፕሪል ቆሟል፣ ሜቲልዶፓ ተጀምሯል፣ ምክንያቱ እርግዝና። ይህንን እኔም አይቼዋለሁ። ችግሩ የእርግዝና ካርዷ ላይ የመጨረሻ የወር አበባዋ «12/3» ተብሎ መጻፉ ነበር። ዓመቱ የለም። በእጅ ስለተጻፈ በእኔ መመሪያ ኅዳር 12 ሆነ። ከኅዳር 12 እስከ ሚያዝያ 8 ደግሞ 146 ቀን ነው፤ አምስት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው እርግዝና።

ሲስተር ከጎን ክፍል አዋላጇን ጠሯት። ወጣት ናት፣ በር ላይ እንደቆመች ካርዱን ተቀብላ አየችና «ይህ በፈረንጅ ነው» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«የመውለጃ ቀኗን እየው።»

17/12 ይላል። በጣቶቿ ቆጥራ አሳየችኝ። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ እርግዝና 280 ቀን ሲቆጠር ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ይሆናል። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች አሥሩ ወደ አምስት ይወርዳል፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ወደ አራት። ኅዳር 12 ላይ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ብትጨምር ነሐሴ 22 ነው፤ 22/12 ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ማርች 12 ላይ 280 ቀን ብትጨምር ግን ዲሴምበር 17 ነው። ሴትየዋ የግል ክሊኒክ አልትራሳውንድ ተነሥታ መጥታ ነበር፤ ማሽኑ ያተመላትን ሁለት ቀን አዋላጇ በእጇ ካርዱ ላይ ገለበጠችው። ማርች 12 በእኛ መጋቢት 3 ነው። ከዚያ እስከ ሚያዝያ 8 አምስት ሳምንት። ሲስተር መድኃኒቱን የቀየሩት ማርገዟ በታወቀ በዚያው ቀን ነበር።

እኔ ደግሞ በዚያች ሌሊት አምስት ወር መርዝ እንዳጠጧት አድርጌ ለአማካሪዬ ጽፌያለሁ።

ሲስተር አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሻይ ጠጥተሃል?» አሉኝ።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው፣ ይታረማል። ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ሌላው ነው፦ ማረም አልቻልኩም። ሰብሳቢዎቹን «ቀይራችሁ አስገቡ» ስላልኳቸው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የተቀየረው ቀን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር የሚያሳይ አንድም ነገር አልተረፈም። ይባስ ብሎ ኤክሴል የራሱ ሦስተኛ አስተያየት ነበረው፤ ሳንቀይር የተረሳውን 12/3 ዲሴምበር 3 አድርጎት ተቀምጧል። 30/2 ተብሎ የተጻፈ ጥቅምት 30ን ሲያይ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ቀን መሆኑንም ክዶ ተራ ጽሑፍ አደረገው። ጳጉሜንማ ለእርሱ የለችም።

ስለዚህ ፎልደሮቹን በሙሉ እንደገና ማስወጣት ነበረብኝ። የካርድ ክፍሉ ጋሼ መሰላሉን ደግፈው ቆመው «አሁንስ ምን ጠፋህ?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ክረምት ገብቷል፣ የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር ጭቃ በእግሬ ነው። በመሐል የፈቃዴ ዓመት ሞላ። ለማሳደስ ስሄድ ያነጋገረኝ ኃላፊ ለምን በጊዜው እንዳልጨረስኩ በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠየቀ። አቀረብኩ። አነበበና «ስሕተት ነበረ ካልክ የመጀመሪያው ጥናት ተበላሽቷል ማለት ነው፣ አዲስ ማመልከቻ አስገባ» አለኝ። ስሕተቱን ያልተናገረ ሌላ ተማሪ በዚያው ጠዋት በአሥር ደቂቃ አሳድሶ ሲወጣ አይቼዋለሁ። አምስት ሳምንት ጠፋብኝ። አሁንም ያንን ደረጃ ስወጣ ሆዴ ይቆጣል።

ሁለተኛውን ዙር እንዲህ ሠራሁት፣ እናንተም ከመጀመሪያው እንዲህ ሥሩት። ቀኑ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ይገለበጣል፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የተለያየ ዓምድ፣ ዓመት ከሌለ ባዶ። አራተኛው ዓምድ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ይይዛል፦ አዋላጅ፣ ሲስተር፣ ላቦራቶሪ፣ ማሽን። አምስተኛው አቆጣጠሩ ነው፦ የኢትዮጵያ፣ የፈረንጅ፣ አልታወቀም። ማንም ሰው በእጁ ቀን አይቀይርም። ቅየራው መጨረሻ ላይ በአንድ ትእዛዝ ይሠራል። ዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት መጨመር ብቻም አይበቃም፤ መስከረም 1 ቀን 2013 ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለ፣ መስከረም 1 ቀን 2012 ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር። የአዋላጇን ስሌት ደግሞ ሁሉም ካርድ ላይ አስኬድኩት፤ የመውለጃ ቀኑ ራሱ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይመሰክራል። በእጅ በፈረንጅ ያሰላ ሰው ዘጠኝ ወር ከሰባት ቀን ስለሚጨምር ለማርች 12 በ17/12 ፈንታ 19/12 ብታዩም አትደናገጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጨረሻ የወር አበባ ቀኖቹ 12፣ 21 እና 27 ላይ ይከማቻሉ። ሴቶቹ የሚያስታውሱት በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ነው። ቀኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ በአብዛኛው የእኛ አቆጣጠር ነው፤ ግን ያቺ የመጀመሪያዋ 12/3 ኅዳር ሚካኤልን መስላ እንዴት እንዳታለለችኝ አትርሱ።

ከጥናቱ ጋር አብሬ የልብና የደም ሥር በሽታ ስጋትን በዓለም ጤና ድርጅት የ2019 ሠንጠረዥ ላሰላ አስቤ ነበር። ኮሌስትሮል የማይጠይቀው ዓይነት ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ፣ ግፊትና የክብደት ከቁመት ንጽጽር ይበቃዋል። ቁመት የተጻፈበት ካርድ ብርቅ ነው። ግፊቱም የሁሉም ሰው 130/80 ወይም 140/90 ነው፤ በዜሮ የማያልቅ ግፊት ያለው ሰው በሰፈሩ የለም። ተውኩት።

ቀኑ ሲታረም ከዘጠኙ ሴቶች እርግዝናቸው ገፍቶ በእርግጥ ኢናላፕሪል ሲወስዱ የተገኙት ሁለት ብቻ ሆኑ። ሁለቱም ከክትትል የቀሩ ነበሩ። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ያለቀበት ወር የቆየ ማዘዣቸውን ይዘው ከግል መድኃኒት ቤት ሲገዙ ከርመው፣ ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው የተመለሱት። ሲስተር ይህንንም ጽፈውታል፣ ካርዱ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ። የመድኃኒት ማደያው መዝገብ ላይ ግን ባዶ ነው፤ ያንን መዝገብ ብቻ ይዤ ብሆን ሁለቱም መድኃኒት ያቆሙ ተብለው ይመዘገቡ ነበር።

አቆጣጠራቸው ያልታወቀ አሥራ አንድ ካርዶችም ቀሩ። ፈታኙ አውጣቸው፣ ሠንጠረዡን ያበላሻሉ አለኝ። አላወጣኋቸውም። ሠንጠረዥ 4 ላይ የመጨረሻው ረድፍ ናቸው፤ በዚያች ረድፍ የተነሣ ውጤቴ በአንድ እርከን ወርዷል።

ለሲስተር አንድ ቅጂ ወሰድኩላቸው። ሠንጠረዡን አላዩም፤ ዘጠኙን ሴቶች የት እንዳስቀመጥኳቸው ነው የፈለጉት።